ጠመንጃው የት ይደር? የጋራ ግምጃ ቤት አገልግሎት ሲመዘን

የግል ጠመንጃና ሽጉጥ በየቤቱ መቀመጡ ቀርቶ በአንድ የጋራ ግምጃ ቤት ይደር የሚለው ሐሳብ፣ ብዙ ሰው የሞተበት ጥቃት በተፈጸመ ማግስት ይነሳል፤ ወራት ሲያልፉ ይበርዳል። ሙግቱም «ይገደዱ» እና «አይገደዱ» ከሚለው አያልፍም። በርክክብ መስኮቱ ላይ ምን ይደረጋል፣ ዕቃው ከስድስት ወር በኋላ በምን ሁኔታ ይወጣል፣ ሰልፉ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ እዚህ ግምጃ ቤቱን እንደማንኛውም አገልግሎት እንመዝነዋለን፤ የኢላማ ተኩስ ክበብ፣ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ፈቃድ ያለው ነጋዴ የሰው መሣሪያ ተረክቦ የሚያሳድርበትን አሠራር፣ ከቤት ካዝና ጎን አቁመን።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለሽጉጥና ለኢላማ ተኳሽ አገልግሎቱ ጥሩ ነው፤ ለአዳኝ አይመችም፤ ከሌባ ያስጥላል የሚባለው ግን ተጋኗል። ትልቁ ጥቅሙ በሰውየው እጅና በመሣሪያው መካከል ጥቂት ሰዓትና አንድ ሌላ ሰው ማስገባቱ ነው። ይህን ሥራ የማይሠራ ግምጃ ቤት ውድ ቁም ሣጥን ነው።

ርክክብ

ብዙ ቦታ ርክክብ ማለት መፈረም ነው። በደንብ ሲሠራ ግን እንዲህ ይሆናል። ባለቤቱ መሣሪያውን ከነከረጢቱ ይዞ በቀጥታ ወደ ማራገፊያው ይሄዳል። ማራገፊያው በአሸዋ የተሞላ ወፍራም ቧንቧ ነው፤ ጥይት ቢያመልጥ አሸዋው ውጦ ያስቀረዋል። አፈሙዙ ወደዚያ ይዞራል፣ ጣት ከቃታ ይርቃል፣ መጀመሪያ የጥይት ካርታው ይወጣል፣ ቀጥሎ መቀባበያው ወደ ኋላ ተስቦ ክፍት እንደሆነ ይያዛል። ከዚያ ጥይት የሚጎርስበት ቀዳዳ በዓይን ይታያል፣ በትንሿ ጣትም ይዳሰሳል። ተረካቢውም ይህንኑ በራሱ ዓይንና ጣት ይደግመዋል። «ባዶ ነው» የሚል ቃል ብቻ ሰምቶ የሚቀበል ተረካቢ ካጋጠመዎት፣ መሣሪያዎን ይዘው ይመለሱ።

አደጋ የሚመጣው ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ቀን ነው። ካርታውን ሳያወጣ መቀባበያውን የሳበ ሰው የነበረውን ጥይት አስወጥቶ ከካርታው ሌላ ያጎርሳል፤ ቀጥሎ ካርታውን ነቅሎ «አራገፍኩ» ይላል። መሣሪያው እንደጎረሰ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሌላው ብልሽት የቀለህ ማውጫዋ ጥፍር ስትሰበር የሚከሰት ነው። ሦስት ጊዜ ቢያቀባብሉ ምንም አይወጣም፤ ጥይቱ ግን በቦታው ተቀምጧል። ጣት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከአፈሙዛቸው ሥር ባለ ቱቦ ጥይት የሚደረድሩ ሾትገኖች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ የቱቦው ስፕሪንግ ሲደክም አንድ ጥይት ውስጥ ተወሽቃ ትቀርና ጠመንጃው ሲነቀነቅ ብቅ ትላለች። ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ደማቅ ቀለም ያለው የፕላስቲክ ባንዲራ ቀዳዳው ላይ ይሰካል፤ መደርደሪያው ሁሉ ከሩቅ ሲታይ ባንዲራ የሌለው ጠመንጃ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ርካሽ ነገር ናት፣ ግን ከብዙ ካሜራ ትበልጣለች።

ቀጥሎ መለያ ቁጥር ነው። ሽጉጥ ላይ ቁጥር ሁለትና ሦስት ቦታ ሊቀረጽ ይችላል፤ መዝገብ ላይ መግባት ያለበት በአብዛኛው አካሉ ላይ ያለው ነው። ላይኛው ተንሸራታችና አፈሙዙ ስለሚቀያየሩ በእነሱ ቁጥር የተመዘገበ ሽጉጥ አንድ ቀን ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። ዜሮና ኦ፣ አንድና አይ፣ ስምንትና ቢ የሚምታቱትም እዚህ ነው። ጥሩው ዘዴ አንዱ ጮክ ብሎ ከብረቱ እያነበበ ሌላው እንዲጽፍ፣ ቀጥሎ ጸሐፊው ከወረቀቱ እያነበበ የመጀመሪያው ብረቱን እንዲያይ ማድረግ ነው። ደረሰኙ ሁለት ቅጂ ይሆናል፤ ዓይነቱ፣ ካሊበሩ፣ ቁጥሩ፣ ማነጣጠሪያ መነጽርና ማንገቻን የመሰሉ አብረው የገቡ ነገሮች፣ የሚታይ ጭረት ካለ እሱም ይጻፋል። «አንድ ጠመንጃ ተረክቤያለሁ» የሚል ደረሰኝ ደረሰኝ አይባልም።

በደንብ የተሠራ ርክክብ ለአንድ ሰው 4 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ቅዳሜ ጠዋት 40 ተኳሽ ቢመጣና ሁለት ተረካቢ ቢኖር፣ የመጨረሻው ሰው ተራው እስኪያልቅ 80 ደቂቃ ይጠብቃል። ግምጃ ቤቶች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ሰልፉ ሲረዝም መጀመሪያ የሚቀረው የጣት ፍተሻው ነው፣ ቀጥሎ ቁጥር ማመሳከሩ፤ በመጨረሻ ነባር አባላት ራሳቸው ገብተው እንዲያወጡ በሩ ይከፈትላቸዋል። ሕጉ «በግምጃ ቤት ይቀመጥ» ብሎ የሰው ኃይሉን ሳይወስን ከተወ፣ የሚያገኘው ይህን ነው።

መስኮቱ የማያየው

ደቡብ ኮሪያ የአደን ጠመንጃ በፖሊስ ጣቢያ እንዲያድርና በአደን ወቅት ብቻ እንዲወጣ ከሚያደርጉ አገሮች አንዷ ናት። በየካቲት ወር በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)፣ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ሰዎች በሁለት የተለያዩ ከተሞች ጠዋት ጠመንጃቸውን ከፖሊስ አውጥተው አንዱ የቀድሞ አጋሩን ዘመዶች፣ ሌላው የገዛ ዘመዶቹን ጨምሮ ሰዎች ገደሉ። ወረቀታቸው የተሟላ ነበር፣ ወቅቱም የአደን ነበር። መስኮቱ የሚጠይቀው ፈቃድ እንዳለ እንጂ ሰውየው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አልነበረም። የግዴታ ማከማቻ ተቃዋሚዎች ይህን እየጠቀሱ «አየህ፣ አይሠራም» ይላሉ። እኛ ሌላ ነገር እናይበታለን። ማከማቻው ሥራውን ሠርቷል፣ መሣሪያውን ከቤት አውጥቷል፤ ያልሠራው ማስረከቢያው ነው። ተረካቢ «ዛሬ ከማን ጋር ነው የምትሄደው? የት?» ብሎ የመጠየቅ፣ መልሱ ካላማረው «ነገ ና» የማለት ሥልጣን ከሌለው መስኮቱ የዕቃ መቀበያ ሆኖ ይቀራል።

ሥልጣኑ ሲኖር ወይም መሣሪያው በቀላሉ ሳይገኝ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ከእስራኤል ጦር የተገኘው ነው። ጦሩ በ2006 ወታደሮች ለእረፍት ወደ ቤት ሲሄዱ ጠመንጃቸውን በክፍላቸው እንዲተዉ አደረገ። በኋላ የታተመ ጥናት ከ18 እስከ 21 ዓመት ባሉ ወታደሮች ራስን ማጥፋት 40 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳየ፤ የቀነሰው በዋናነት በሳምንት መጨረሻ፣ ወጣቱ ቤቱ በሚሆንበት ጊዜ ነው፤ በሥራ ቀናት ጉልህ ለውጥ አልታየም። ስዊዘርላንድም ሠራዊቷን በ2003 በግማሽ ያህል ስትቀንስና በየቤቱ ያለው የሠራዊት ጠመንጃ ሲያንስ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ክፉ ሰዓት የሚያልፍ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ጠመንጃው ሩቅ መሆኑ ብዙ ሰው አትርፏል። ስለዚህ አንድን ግምጃ ቤት ስንመዝን ከምንጠይቃቸው ቀዳሚዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ የቤተሰብ አባል ደውሎ «እባካችሁ ለጊዜው አትስጡት» ቢል የሚያነሳ ሰው አለ? መሣሪያውን ያለ ብዙ ጥያቄ፣ ያለ ነውር፣ ለጊዜው በአደራ የሚቀበልስ? ሁለቱም ካሉ፣ ሌላው ጉድለት ሊታለፍ ይችላል።

በሩና ሌባው

ማስታወቂያዎች የሚጀምሩት ከብረት በሩ ነው። ኢኤን 1143-1 የሚባለው የአውሮፓ መለኪያ ካዝናዎችን በመከላከያ ነጥብ ይመድባል፤ ነጥቡ ሞካሪዎች በመጋዝ፣ በመሰርሰሪያና በመፈልፈያ ሲታገሉ ከፈጀባቸው ጊዜና ከተጠቀሙበት ዕቃ ዓይነት ይሰላል። ደረጃ 0 ለከፊል መክፈቻም (እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ) ለሙሉ መክፈቻም 30 ነጥብ ይጠይቃል፤ ደረጃ 1 ደግሞ 30 እና 50። ዝቅ ያለው ኢኤን 14450 ለኤስ1 ደረጃ 2 ነጥብ፣ ለኤስ2 ደግሞ 5 ነጥብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ምንም የመለኪያ ሰሌዳ በበሩ ውስጠኛ ክፍል ካልተለጠፈ፣ ያ ካዝና ሳይሆን ቀለም የተቀባ ላሜራ ነው፤ አንድ ዲጂኖና አንድ ጉልበተኛ ይበቃዋል።

የቤት ካዝና ደካማ ጎኑ ብረቱ አይደለም፣ አተካከሉ ነው። በኢኤን 1143-1 ከ1000 ኪሎ በታች የሆነ ካዝና የመታሰሪያ ቀዳዳ ሊኖረው ግድ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ቀዳዳውን ባዶ ይተወዋል። 120 ኪሎ ካዝና ሁለት ሰው በዕቃ ጋሪ ይወስደዋል፣ ሌላ ቦታ በእርጋታ ይከፍተዋል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ብሎን በኮንክሪት ወለል፣ ከተቻለ በግድግዳም መታሰር አለበት። ከተበሳ በኋላ የቀዳዳው አቧራ በፓምፕ ተነፍቶና በብሩሽ ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ አቧራው ከቀረ ብሎኑ ይጠብቃል እንጂ አይዝም። ክፍት ሆድ ባለው ብሎኬት ላይ የሚሰፋ ብሎን ጭራሽ አይሆንም፣ ብሎኬቱን ይሰብረዋል፤ እዚያ በሙጫ የሚተከለው ነው የሚያዋጣው።

የግምጃ ቤት ችግር ሌላ ነው። የአንድ ቤት ሌባ ሁለት ጠመንጃ ይወስዳል፤ የግምጃ ቤት ሌባ 200። በሩ የቤት ካዝና ያህል ብቻ ከሆነ፣ ግዴታው አደጋውን አልቀነሰም፣ አከማችቶታል። ስለዚህ የቤቱን ደረጃ እጥፍ አድርጎ መጠበቅ፣ ማንቂያው ከውጭ ሰው ጋር የተያያዘ መሆኑን ማረጋገጥ፣ በሩም ሁለት ሰው በሁለት የተለያየ ኮድ ካልሆነ እንዳይከፈት መጠየቅ ይገባል። ከውጭ ሌባ ይልቅ የውስጥ ሰው ያሳስበናል፤ ለዓመታት ያልተነካን ጠመንጃ ቀስ ብሎ ማውጣት የሚችለው ቁልፍ ያለው ነው። መድኃኒቱ ወር በወር ቆጠራ ነው። ሁሉንም መቁጠር ከከበደ ከመዝገቡ 10 መስመር በዕጣ አውጥቶ ብረቱን መፈለግ፣ ከመደርደሪያው ደግሞ 10 ብረት አንስቶ መዝገቡን መፈለግ። አንደኛው አቅጣጫ ብቻ ከተሠራ የጎደለው ይገኛል፣ በስውር የገባው አይገኝም።

ቁልፍን በተመለከተ ጀርመን ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። በ2009 በቪኔንደን ትምህርት ቤት ጥቃት የፈጸመው ወጣት የተጠቀመበት ሽጉጥ የአባቱ ነበር፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች ካዝና ውስጥ ተቆልፈው ሳለ ያ አንዱ መኝታ ቤት ነበር። ካዝና መኖሩ ብቻውን አላዳነም። ከዚያ በኋላ ባለሥልጣናት ያለ ልዩ ጥርጣሬ መጥተው አቀማመጡን እንዲያዩ ተፈቀደ፤ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ለአዲስ ካዝና ዝቅተኛው ደረጃ 0 ሆነ። በነሐሴ 2023 ደግሞ የሙንስተር ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የካዝናው ቁልፍ ራሱ መሣሪያዎቹ በተቀመጡበት ደረጃ ልክ በሆነ ካዝና ውስጥ መቀመጥ አለበት ብሎ ወሰነ። ተግባራዊ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ በቁልፍ የሚከፈት አይግዙ፣ በቁጥር የሚከፈተውን ይግዙ። ቁጥሩም የልጅ ልደት አይሁን፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።

ዝገት

ቅሬታ የሚበዛበት ክፍል ይህ ነው፣ ደግሞም ትክክለኛ ቅሬታ ነው። ግምጃ ቤቶች ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ናቸው፤ ምድር ቤት ደግሞ ይረጥባል። የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ብረቱም እንጨቱም ይስማማዋል። ከ60 በላይ ሲዘልቅ ዝገት ይፈጥናል፤ ከ30 በታች ሲወርድ የእንጨት ሰደፍ ይሰነጠቃል። ክፍሉ ውስጥ የእርጥበት መለኪያ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ ንባቡ የማይመዘገብ ከሆነ፣ የተቀረው ቃል ሁሉ ንፋስ ነው።

ትልቁ ጥፋት መሣሪያውን ከነስፖንጅ ሣጥኑ ወይም ከነቆዳ ከረጢቱ መደርደር ነው። ስፖንጅ እርጥበት ይይዛል፤ ቆዳ ደግሞ ከማልፊያው የቀረበት ጨውና አሲድ አለው። ሦስት ወር ከቆየ የስፖንጁ ቅርጽ በብረቱ ላይ ቡናማ ሆኖ ይታተማል። የጣት አሻራም እንዲሁ ነው፤ ላብ ጨው ነውና በቅዝቃዜ ከተኮሰ በኋላ ወደ ሞቃት ክፍል የገባ ጠመንጃ ላይ ጤዛ ሲያርፍ አሻራው በጥቂት ቀን ይዝጋል። ስለዚህ ከተኩስ መልስ ወዲያው አያስረክቡ፤ ክፍት አድርገው አንድ ሰዓት ያህል ይተዉት፣ ያጽዱት፣ በቀጭኑ ዘይት ያብሱት፣ ከዚያ በኋላ ብረቱን በጨርቅ ይያዙ። ዘይት ሲበዛም ጥሩ አይደለም፦ ሰደፉ ወደ ታች ሆኖ ለወራት የቆመ ጠመንጃ ዘይቱ እየወረደ እንጨቱን ያለሰልሰዋል፣ የቃታውን አካባቢም ያጣብቃል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ንጹሕ ለስላሳ ነገር ላይ ማቆም ይሻላል።

ሲሊካ ጄል ክፍሉን አያደርቅም፣ ሣጥንን ነው የሚያደርቀው። ቀለሙ ከተቀየረ በኋላ በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ካልደረቀ ዝም ብሎ ጠጠር ነው። ለሙሉ ክፍል የኤሌክትሪክ እርጥበት መምጠጫ ያስፈልጋል፤ ባልዲው ሲሞላ በራሱ ስለሚቆም ውኃው በቱቦ ወደ ፍሳሽ የሚሄደው ዓይነት ይሁን። በዓል ወይም ረጅም እረፍት ሲመጣ የሚበላሸው ባልዲ ያለው ነው።

መነጽር ያላቸው ጠመንጃዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። «10 ጠመንጃ ይይዛል» የተባለ መደርደሪያ መነጽር ከተጨመረ 5 ወይም 6 ነው የሚይዘው። ጠባቂው ካጨናነቀ የአንዱ መነጽር የሌላውን እየነካ ኢላማው ይዛባል። ከግምጃ ቤት የወጣ ጠመንጃ ሁሉ ከውድድርም ከአደንም በፊት ሦስት ጥይት ወረቀት ላይ ይተኮስበት፤ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ጥይትና ክፍልፋይ

ጥይት ከመሣሪያው በተለየ ክፍልና በተለየ ቁልፍ መቀመጥ አለበት። ቃጠሎ ቢነሳ፣ ለብቻው ያለ ጥይት ሲፈነዳ ቀለሁ ይቀደዳል፣ እርሳሱ ብዙ ኃይል አይኖረውም። በአፈሙዝ ውስጥ የጎረሰ ጥይት ግን ልክ እንደተተኮሰ ይወጣል። እሳት አደጋ ሠራተኛ የሚፈራው ሁለተኛውን ነው፤ ከላይ ስለ ጣት ፍተሻ ያልነው ሁሉ እዚህም ይሠራል። ስዊዘርላንድ ከ2007 ውሳኔ በኋላ በየወታደሩ ቤት የነበረውን የታሸገ ጥይት ሰብስባ ጠመንጃውን ግን ቤት ተወችው። በየካቲት 2011 ደግሞ የሠራዊቱ ጠመንጃ ወደ ግምጃ ቤት ይግባ የሚለው ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ 56 በመቶ ሕዝብ ውድቅ አደረገው። መካከለኛ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ነው።

ሌላው መካከለኛ መንገድ ክፍልፋይ ማስቀመጥ ነው፦ ጠመንጃው ቤት፣ መቀባበያው ክበብ። በብሪታንያ ከ1996ቱ የደንብሌን ትምህርት ቤት ጥቃት በኋላ የተቋቋመው የሎርድ ከለን አጣሪ፣ ሽጉጦች ዋና ክፍላቸው ወጥቶ እንዲቀመጡ የማድረግን መንገድ በቁም ነገር አይቶ ነበር። መንግሥት ከዚያ አልፎ በ1997 መጀመሪያ ትላልቆቹን ሽጉጦች አገደ፣ ትንንሾቹ ባለ .22 ካሊበር ፈቃድ ባላቸው ክበቦች ብቻ እንዲቀመጡ ደነገገ፤ በዚያው ዓመት በሁለተኛ ሕግ እነሱንም አገዳቸው። የክበብ ማከማቻው ሐሳብ ለፈተና እንኳ አልደረሰም።

ክፍልፋይ የሚያስቀምጥ ክበብ ካጋጠመዎት አንድ ነገር ይመልከቱ። መቀባበያዎቹ በአንድ ቅርጫት ተደባልቀው ከሆነ ይውጡ። እያንዳንዱ መቀባበያ ከራሱ አፈሙዝ ጋር ተለክቶ የገጠመ ነው፤ ተመሳሳይ ሞዴል የሆነ የሌላ ሰው መቀባበያ ሊገባ፣ ሊዘጋም ይችላል፣ በመቀባበያውና በአፈሙዙ መካከል ያለው ክፍተት ከተዛባ ግን ቀለሁ ሲተኮስ ተቀዶ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። በየከረጢቱ፣ ቁጥሩ ተጽፎ፣ በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ መሆን አለበት።

ለማን ይሆናል

ለኢላማ ሽጉጥ ተኳሽ፣ መሣሪያው ከተኩስ ሜዳው ውጭ ሥራ ለሌለው፣ አገልግሎቱ ይመቻል፤ በመኪና ጭኖ መሄድም ይቀርለታል፣ በመንገድ ላይ ከመኪና የሚሰረቅ መሣሪያም ያንሳል። ለአዳኝ አይሆንም። አዳኝ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል፣ መስኮቱ ጠዋት 3 ሰዓት ይከፈታል። ስለዚህ ዋዜማውን ያወጣዋል፣ ሌሊቱን ቤት ያሳድረዋል፤ ማለትም ያው ካዝና ያስፈልገዋል። ገበሬም እንዲሁ፤ አውሬ ቀጠሮ አይዝም። ሁሉንም በአንድ ሕግ ወደ አንድ ክፍል መክተት አዳኞችን ተገዢ ከማድረግ ይልቅ ተንኮለኛ ያደርጋቸዋል፦ «ነገ እመልሳለሁ» እየተባለ የሚወጣና ወሩን ሙሉ የማይመለስ ጠመንጃ ይበዛል። ግዴታ የሚጥል አገር ቢያንስ የመመለሻ ሰዓት የተጻፈበት ማውጫ ቅጽና ሰዓቱ ባለፈ በማግስቱ የሚደውል ሰው ይዘርጋ።

ከመፈረምዎ በፊት ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይፈልጉ። ክበቡ ቢዘጋ መሣሪያው ወዴት ይሄዳል? ባለቤቱ ቢሞት ወራሹ ፈቃድ እስኪያወጣ ማን ይይዘዋል፣ ስንት ወር? ክፍያ ቢዘገይ ክበቡ መሣሪያውን የመሸጥ መብት አለው ወይ? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ በትንሽ ፊደል ከገጹ ግርጌ ይገኛል። የመለያ ቁጥሩን ፎቶ ከደረሰኙ ቅጂ ጋር ከግምጃ ቤቱ ውጭ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ ግምጃ ቤቱ ከተቃጠለ መዝገቡም አብሮ ይቃጠላል።